ከሚዛን በሲሪያል ፖርት ሳነብ ከቁጥሩ መሃል ዲጂት እየጠፋብኝ ነው፣ እርዱኝ

ጀማሪ22፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሶስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተተክያለሁ፣ የገባው ሰው ካለ እባካችሁ። ዲጂታል ሚዛን አለኝ፣ ከኋላው ባለ 9 ፒን አርኤስ 232 መውጫ አለው፣ በዩኤስቢ መቀየሪያ ኬብል ከላፕቶፑ ጋ አገናኝቼው በፓይተን ክብደቱን እያነበበ ፋይል ላይ ሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሲስተሙ ሊኑክስ ነው፣ ላይብረሪው ፓይሲሪያል።

መጀመሪያ ባውድ ሬቱን (ዳታው ሚላክበትን ፍጥነት) 9600 አድርጌ ስከፍተው ሚመጣው ሁሉ ምኑም ማይነበብ ነገር ነበር። ከዛ ማኑዋሉን ሳገላብጥ 2400 ይላል፣ 2400 ሳደርገው ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ ግን የተስተካከለው ግማሽ በግማሽ ነው። በሪድላይን (አንድ መስመር ሚያነበው ትእዛዝ) ያነበብኩትን ዲኮድ ላድርገው (ወደ ጽሁፍ ልቀይረው) ስል ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር ብሎ ይወድቃል፣ ኢንቫሊድ ስታርት ባይት ይለኛል። ስፈልግ ያገኘሁት መፍትሄ ዲኮዱ ውስጥ ኤረርስ ኢግኖር (ማይነበበውን ባይት ዝለለው) ጨምርበት ሚል ነው፣ ጨመርኩበት፣ መውደቁን እውነትም አቆመ። ግን ሚዛኑ ስክሪን ላይ 123.45 ግራም እያሳየ እኔ ጋ ሚወጣው +003.5 ነው። መስመሩ ሲጀምር ደግሞ ኤስ ካለ በኋላ የሩሲያኛ ሚመስል አይቼው ማላውቀው ፊደል ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ ሌላ እቃ ስጭንበት ልክ መሆኑ ነው፣ ለምሳሌ 69.50 ምንም ሳይጎድለው ነው የገባው።

ሌላም አለ፣ ከዚህ ጋ ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም። እቃውን ከሚዛኑ ላይ ካነሳሁት በኋላም ፕሮግራሙ የድሮውን ክብደት ለደቂቃዎች እያሳየ ይቀጥላል። ሚዛኑ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ሳያቋርጥ ይልካል፣ እኔ ሉፑ ውስጥ አንድ መስመር አንብቤ ለ1 ሰከንድ ስሊፕ (እረፍት) አስገብቼ ተመልሼ አነባለሁ። ኬብል ቀይሬያለሁ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳም ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። የተበላሸው ሚዛኑ ነው ወይስ ኮዴ ነው?

ቢት_ለቃሚ፦

ኬብሉ ነው ሚመስለኝ ወንድሜ፣ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች ላይ ዳታ ሚጠፋበት ጊዜ አለ። በሌላ ቺፕ የተሰራ መቀየሪያ ሞክር፣ ካልሆነ ባውድ ሬቱን 4800ም አድርገህ እየው።

ሽቦ_ጠጋኝ፦

ቆይ፣ ኬብል ከመግዛትህ በፊት። ኬብል ሲበላሽ ወይም ኖይዝ ሲገባበት ስህተቱ በዘፈቀደ ነው ሚመጣው፣ አንዴ ይሄ ፊደል አንዴ ያኛው። ያንተ ግን እንደዛ አይደለም፣ 123.45 ስትጭን ሁሌ 1 እና 2 እና 4 ናቸው ሚጠፉት፣ 3 እና 5 ሁሌ ይገባሉ፣ 69.50 ሁሌ ልክ ነው። እንዲህ እየመረጠ ሚጠፋ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሴቲንግ ነው ሚመጣው። ባውድ ሬቱም 2400 ልክ ነው፣ እሱ ቢሳሳት ኖሮ አንድም ፊደል በትክክል አይገባም ነበር፣ 9600 ላይ ራስህ አይተኸዋል፣ ስለዚህ አትንካው።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ኤረርስ ኢግኖር ሚለውን አውጣው፣ ዲኮዱንም ጭራሽ አውጣው። ሪድላይን የሰጠህን ባይት ምንም ሳትነካው ሄክስ ሚለውን (ባይቱን በ16 ቤት ቁጥር ሚያሳየውን) ሜተድ ጠርተህ ፕሪንት አድርገው። 123.45 ሚመዝነውን እቃ ጭነህ አንድ መስመር እዚህ ለጥፍልኝ። ከሲሪያል ጋ ስንሰራ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጥሬው ባይት ነው፣ ወደ ጽሁፍ ከተቀየረ በኋላ ያለውን እያየን ብንከራከር ሽቦው ላይ ምን እንደመጣ አናውቅም።

ማኑዋሉንም ባውድ ሬት ያገኘህበት ገጽ ላይ ደግመህ እየው፣ አጠገቡ ዳታ ቢት እና ፓሪቲ ሚል መኖሩ አይቀርም።

ጀማሪ22፦

እሺ አመሰግናለሁ፣ አደረኩት። ኮዴ ፖርቱን ሲከፍት ሚሰጠው የፖርቱን ስም፣ 2400 እና ታይምአውት 1 ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አልሞላሁም። የወጣው ይሄ ነው፣ የሄክሱን ፊደሎች በኛ ጽፌዋለሁ፦

53 ዲ4 ኤሲ 2ቢ 30 30 ቢ1 ቢ2 33 2ኢ ቢ4 35 ኤ0 ኤ0 ኢ7 8ዲ 0ኤ

17 ባይት ነው፣ ሁሌም 17 ነው። ማለትም ሚጠፋ ነገር የለም ማለት ነው? ማኑዋሉ ላይ ደግሞ እውነትህን ነው፣ ዳታ ቢት 7፣ ፓሪቲ ኢቨን፣ ስቶፕ ቢት 1 ይላል። ባውድ ሬቱን ብቻ አይቼ ነው ያለፍኩት፣ ሌላው ምን እንደሆነ ስላልገባኝ።

ሽቦ_ጠጋኝ፦

በቃ ተገኘ። አዎ፣ አንድም ባይት አልጠፋም፣ 17ቱም በሰላም ደርሰዋል፣ እየጣልካቸው የነበርከው አንተ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው።

ፓይሲሪያል ምንም ካልነገርከው 8 ዳታ ቢት ያለ ፓሪቲ ብሎ ነው ሚከፍተው። ሚዛንህ ግን 7 ቢት ነው ሚልከው፣ ስምንተኛው ቦታ ላይ ፓሪቲውን ያስቀምጣል። ኢቨን ፓሪቲ ማለት በ7ቱ ቢት ውስጥ ያሉት 1ዎች ሲቆጠሩ ጎዶሎ ከሆኑ ላኪው አንድ 1 ጨምሮ ሙሉ ያደርጋቸዋል፣ ቀድሞውኑ ሙሉ ከሆኑ 0 ያስቀምጣል። አሁን የራስህን መስመር እየው። የ1 ቁጥር አስኪ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሚሰጠው ሰንጠረዥ) ኮዱ ሄክስ 31 ነው፣ በ7 ቢት ሲጻፍ 0110001፣ ሶስት 1 አለው፣ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ ፊቱ ላይ 1 ይጨመርበትና 10110001 ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ሄክስ ቢ1 ነው፣ ያው የለጠፍከው ላይ ያለው። 3ን ስታየው 0110011 ነው፣ አራት 1፣ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ሳይነካ 33 ሆኖ ይመጣል። ሁሉንም ዲጂት እንዲህ ብትቆጥራቸው 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ሳይነኩ ያልፋሉ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ስምንተኛ ቢት ይጨመርባቸዋል። 69.50 ልክ የሆነልህ ለዚህ ነው፣ ከማይነኩት ብቻ የተሰራ ቁጥር ስለሆነ። ነጥቡና የመደመር ምልክቱም አራት አራት 1 ስላላቸው ነው የተረፉት።

ሩሲያኛ ሚመስለው ፊደልም ከዚሁ ነው የመጣው። ሚዛኑ የላከው ኤስ፣ ቲ፣ ኮማ ነው። ቲ 54 መሆኑ ቀርቶ ዲ4 ሆነ፣ ኮማው 2ሲ መሆኑ ቀርቶ ኤሲ ሆነ፣ ዲ4 እና ኤሲ ተከታትለው ሲመጡ በዩቲኤፍ 8 (ዲኮድ ሌላ ካልነገርከው ሚጠቀምበት የጽሁፍ ኮድ) ህግ አንድ ትክክለኛ የሲሪሊክ ፊደል ይሰራሉ፣ ስለዚህ ዲኮደሩ ምንም ሳይጠራጠር ተቀበላቸው። ቢ1 ላይ ሲደርስ ግን ፊደል በቢ1 ሊጀምር ስለማይችል ጮኸ፣ ያየኸው ኤረር እሱ ነው።

ለምን ፖርቱ ራሱ ስህተት አላለም ካልክ፣ 7 ዳታ ቢት ከነፓሪቲው ከስታርትና ከስቶፕ ጋ 10 ቢት ነው፣ 8 ዳታ ቢት ያለ ፓሪቲም ከስታርትና ከስቶፕ ጋ 10 ቢት ነው። ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ተቀባዩ ቺፕ ሚያጉረመርምበት ነገር የለውም።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው፣ ፖርቱን ስትከፍት ባይትሳይዝን ሰቨን ቢትስ፣ ፓሪቲን ፓሪቲ ኢቨን፣ ስቶፕቢትስን ዋን ብለህ ጨምር። መቀየሪያህ 7 ቢት አልደግፍም ካለ ደግሞ በ8 ቢት ክፈተውና እያንዳንዱን ባይት ከሄክስ 7ኤፍ ጋ የቢት AND ስራው፣ ስምንተኛው ቢት ይወድቅልሃል።

ስለ ኤረርስ ኢግኖር ከልቤ ልናገር። ጽሁፍ ብቻ ለሚያሳይ ነገር ሊሆን ይችላል፣ መለኪያ መሳሪያ ላይ ግን በፍጹም አታስገባው። ያንተ ፕሮግራም 123.45ን 3.5 አድርጎ መዘገበ፣ ፎርማቱ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ፕሮግራም ሲወድቅ ቢያንስ ችግር እንዳለ ይነግርሃል፣ ይሄኛው ግን ስህተቱን ፋይልህ ውስጥ አስገብቶ ዝም ይላል። ዲኮዱን አስኪ አድርገው፣ ስትሪክት ሆኖ ይቆይ፣ ቢወድቅ ይውደቅ፣ የወደቀበትን ጥሬ ባይት ሎግ አድርገህ ቀጥል።

ቀይ_ኬብል፦

የሽቦ_ጠጋኝ መልስ በቂ ነው፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፣ ያቺ የድሮው ክብደት እየታየ ይቀጥላል ያልካትን።

እዛ ያለው ችግር ስሊፑ ነው። ሚዛኑ በሰከንድ 10 መስመር ይልካል፣ አንተ በሰከንድ 1 ታነባለህ፣ 9ኙ የት ይሄዳሉ? ሲስተሙ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፣ አንተ ደግሞ ሁሌም ምታነበው ከወረፋው ፊት ያለውን ነው፣ ማለትም ከሁሉም አሮጌውን። ሊኑክስ ላይ በፈሩ 4096 ባይት ነው፣ መስመርህ 17 ባይት ስለሆነ 240 መስመር ያህል ይይዛል። ሲሞላ በሰከንድ አንድ አንድ እያነሳህ ምታየው ክብደት የዛሬ 4 ደቂቃ የተላከው ነው፣ ከዛ በኋላ ሚመጣው ደግሞ ቦታ ስለማያገኝ መጥፋት ይጀምራል። ስለዚህ ደቂቃዎች ያልከው በትክክል ያ ነው።

ስሊፑን አውጣው። ማንበቢያውን ለብቻው ትሬድ (ጎን ለጎን ሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል) ላይ አድርገውና ሳያቋርጥ ያንብብ፣ የመጨረሻውን ሙሉ መስመር ብቻ አንድ ቫሪያብል ላይ ይያዝ፣ ስክሪኑ ወይም መዝጋቢው በፈለገ ሰአት ከዛ ይውሰድ። ትሬድ ካልፈለክ ከማንበብህ በፊት ሪሴት ኢንፑት በፈር ጥራና ያለውን ጣለው፣ ግን ልብ በል፣ ከጣልክ በኋላ ምታገኘው የመጀመሪያ መስመር ከመሃል የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሚዛኑ አንተን አይጠብቅህም፣ እየላከ እያለ ነው የገባህበት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥለህ ሁለተኛውን ውሰድ። ፖርቱን ገና ስትከፍተውም እንደዛው ነው።

ከዚህ ጋ ሚሄድ ሌላ ብዙ ሰው ሚወድቅበት ነገር አለ። ሲሪያል ላይ መልእክት ሚባል ነገር የለም፣ ባይት ተከታትሎ ይፈሳል እንጂ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ሚነግርህ የለም፣ መስመር ማለት አንተ 0ኤ (የመስመር መጨረሻ ምልክት) ስታገኝ ምትቆርጠው ነው። በ2400 ባውድ አንድ ባይት 10 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 240 ባይት ነው ሚያልፈው፣ 17 ባይት 71 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ለኮምፒውተር ይሄ በጣም ረጅም ጊዜ ነው። ታይምአውቱን 0.05 አድርገህ በሪድ አንቲል ብታነብ መስመሩ ሳያልቅ ሰአቱ ያልቅበትና የደረሰውን ግማሽ መስመር ይሰጥሃል፣ ኤረር የለ ምን የለ፣ ቀሪው በሚቀጥለው ጥሪ ይመጣል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ቁጥር ላድርግ ስትል +001 አንዴ 23.45 አንዴ ታገኛለህ። ኢን ዌይቲንግ (በፈሩ ውስጥ የደረሰው የባይት ብዛት) ያለውን ያህል ልሳብ ሚሉም እዚሁ ነው ሚወድቁት። እኔ ሁሌ ማደርገው የመጣውን ባይት ሁሉ አንድ ባይትአሬይ ላይ እጨምራለሁ፣ 0ኤ እስኪገኝ አልነካውም፣ ሲገኝ እስከዛ ቆርጬ እወስዳለሁ፣ የተረፈው እዛው ለሚቀጥለው ይቆያል። ታይምአውት 1 ላይ ከተውከው ግን አሁን ባለህበት ችግር አይፈጥርብህም።

ቁጥር ከማድረግህ በፊት ደግሞ መስመሩን መርምረው። ያንተ ፎርማት ርዝመቱ የተወሰነ ነው፣ 17 ካልሆነ ጣለው። መጀመሪያ ላይ ኤስቲ ካለ ክብደቱ ረግቷል ማለት ነው፣ ዩኤስ ካለ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ኦኤል ካለ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ኤስቲ ሚለውን ብቻ መዝግብ፣ እጅህን ከእቃው ላይ ሳታነሳ የተነበበ ቁጥር ፋይልህ ውስጥ እንዳይገባ።

ማታ_ኮደር፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ የኔ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይመጣም፣ ኤረርም የለም፣ ፖርቱ ይከፈታል ሪድ ባዶ ይመልሳል። ሌላ መሳሪያ ነው ግን አርኤስ 232 ነው። ባውድ ሬትና ፓሪቲ ከማኑዋሉ ጋ አመሳስያለሁ።

ቀይ_ኬብል፦

ምንም ካልመጣ ባውድ ሬትን እርሳው፣ ባውድ ሬት ሲሳሳት የተዘበራረቀ ነገር ነው ሚመጣው፣ ዝምታ ሲሆን ሽቦውን ተጠራጠር። መሳሪያውን ንቀለውና የመቀየሪያህ ጫፍ ላይ ፒን 2 እና ፒን 3ን በአጭር ሽቦ አገናኛቸው፣ ከዛ ከፓይሲሪያል ጋ ሚመጣውን ሚኒተርም ክፈትና የሆነ ነገር ጻፍ። ሚኒተርም ምትጽፈውን ራሱ አያሳይህም፣ ስለዚህ የጻፍከው ስክሪኑ ላይ ከታየ ዞሮ ተመልሶ ነው የመጣው፣ ኮምፒውተሩም መቀየሪያውም ደህና ናቸው። ካልታየ ችግሩ ካንተ ወገን ነው፣ ወይ ሌላ ፖርት ነው የከፈትከው።

ዞሮ ከተመለሰልህ ቀጥሎ ማየት ያለብህ ኬብሉ ቀጥታ ነው ወይስ ተሻጋሪ (2 እና 3 ሚቀያየሩበት) ሚለውን ነው። ኮምፒውተሩ በ3 ይልካል በ2 ይቀበላል፣ 5 መሬት ነው። መሳሪያህም እንደ ኮምፒውተር በ3 ሚልክ ከሆነና ኬብሉ ቀጥታ ከሆነ ሁለቱም አንድ ሽቦ ላይ ይናገራሉ ሚሰማ የለም፣ ተሻጋሪ ኬብል ያስፈልግሃል። አንዳንዱ መሳሪያ ደግሞ ትእዛዝ ካልተላከለት አይናገርም፣ ማኑዋሉ ላይ የጥያቄ ሞድ ሚል ካለ እሱን እይ።

አደራ፣ መቀየሪያህ በቀጥታ ለማይክሮኮንትሮለር ሚሆነው ባለ 3.3 ወይም 5 ቮልቱ ከሆነ ከአርኤስ 232 ጋ አታገናኘው። አርኤስ 232 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ይሄዳል፣ ቺፑን ያቃጥልብሃል።

ማታ_ኮደር፦

ዞሮ ተመለሰ! ስለዚህ ኬብሉ ነው ማለት ነው፣ ተሻጋሪ ፈልጌ እመለሳለሁ። በጣም አመሰግናለሁ።

ጀማሪ22፦

ሰራ! 7 ቢት ኢቨን አድርጌ ስከፍተው ያለ ምንም ኢግኖር ኤስቲ ኮማ +00123.45 ብሎ ቁልጭ አድርጎ አወጣው፣ ሄክሱም 31 32 33 ሆኖ ነው ሚመጣው አሁን። ማንበቢያውንም ትሬድ ላይ አደረኩት፣ እቃውን ሳነሳ ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

አንድ ያስጨነቀኝ ነገር ቀርቷል። ይሄን ሳላውቅ 62 ናሙና መዝኜ መዝግቤያለሁ፣ መስመሩን እንዳለ ነው ፋይሉ ላይ የጻፍኩት፣ ወደ ቁጥር አልቀየርኩትም። ከዛ ላይ ማዳን ሚቻል ነገር አለ?

ሽቦ_ጠጋኝ፦

የጠፋውን ዲጂት መመለስ አይቻልም፣ 1 ይሁን 2 ይሁን 4 ወይ 7 ወይ 8 ሚለይበት ነገር አብሮ ተጥሏል። ግን ያልተነኩትን መለየት ይቻላል። ከመደመር ምልክቱ ጀምረህ እስከ ቁጥሩ መጨረሻ ፊደሎቹን ቁጠር፣ ሙሉው ከነምልክቱና ከነነጥቡ 9 ነው። 9 የሆነ ምንም አልጎደለውም፣ ከ9 ያነሰ ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ነው።

ቀይ_ኬብል፦

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ ወንድሜ። 9 ፊደል ሙሉ የሆነውም ቢሆን ዲጂቱ ልክ ነው እንጂ የየትኛው ናሙና እንደሆነ አታውቅም። ያኔ ስሊፑ ነበረበት፣ ከወረፋው ፊት ያለውን ነበር ምታነበው። 20ኛውን ናሙና ጭነህ መዝግብ ስትል የገባው የ17ኛው ክብደት ሊሆን ይችላል።

ጀማሪ22፦

እውነት ነው፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ቆጠርኩት፣ ከ62ቱ 9 ፊደል የሞሉት 4 ብቻ ናቸው፣ ከ4ቱ ሁለቱ ደግሞ በተከታታይ የተመዘገቡ ሆነው ፍጹም አንድ አይነት ቁጥር ናቸው፣ ናሙናዎቹን በአይን ሳያቸው እንኳን መጠናቸው አይቀራረብም። ስለዚህ አሮጌው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፣ 62ቱንም እንደገና መመዘን ጀምሬያለሁ። አሁን ከእያንዳንዱ ክብደት ጎን ጥሬውን ሄክስ በሌላ ኮለም እየጻፍኩ ነው። እስካሁን 11 ደርሻለሁ፣ ሁሉም 17 ባይት ናቸው፣ ሁሉም ኤስቲ ይላሉ፣ እያንዳንዱንም ከሚዛኑ ስክሪን ጋ በአይኔ እያመሳከርኩ ነው ማልፈው።